ነጩ ነጠላ ቢጫ የሆነ ለት

አቶ መሸሻ የሞቱት ከጸበል ተመልሰው ቤታቸው ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ አረፍ እንዳሉ ነው። ግንቦት 1963 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ቀን፣ ሰባት ሰዓት ገደማ። «ልቤን» አሉና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አኖሩ፤ ከዚያ ወዲያ የተናገሩት የለም። የከፋ ማር ነጋዴ፣ የስልሳ ሁለት ዓመት ሰው፣ በቀራንዮ ሲያልፉ ልጅ አዋቂው ብድግ የሚልላቸው ነበሩ። የልብ ሕመም እንዳለባቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የልብ በሽተኛ በልቡ ሞተ ቢባል ማን ይደነቃል? ተቀብረው፣ ሠልስት ወጥቶ፣ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

አላለቀም። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት አስከሬኑ ሳይገነዝ ጣታቸውን ወደ ግቢው ጥግ፣ ወደ ተከራይዋ ክፍል ቀሰሩ።

«እሷ ናት! ያቺ ጴንጤ! ጸበሉ አናዷት መርዝ አበላችብኝ!»

ተከራይዋ ጫልቱ ትባላለች። የሃያ አራት ዓመት ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት ናት፤ ቀን ክሊኒክ ትውልና ማታ ለአቶ መሸሻ የልብ እንክብላቸውን የምትሰጥ እሷ ነበረች። ስለ ጸበሉ ከሰውዬው ጋር መከራከሯም እውነት ነው። የዚያኑ ለት አምሳ አለቃ ገመቹ ይዟት ሄደ፤ ለሚቀጥለው ሐሙስም ፍርድ ቤት ተቀጠረች። በመርዝ ሰው የገደለ መጨረሻው ገመድ እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከወንጀል ምርመራ ሻምበል ይመር መጣ። ከሲታ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሰው ሲዋሸው ደስ የሚለው ጉደኛ ሰው ነው። «እውነት የሚናገር ሰው ዝም ብሎ ይሄዳል፤ የሚዋሽ ግን መንገድ ያሳየኛል» ይላል።

ገመቹ ጠረጴዛው ላይ ባዶ የመድኃኒት ካርቶን አኖረለት። በላዩ ላይ በጣሊያንኛ «ኩኦሪና» ተብሎ ተጽፏል።

«መርዙ ይኸው ጌታዬ። ከፍራሿ ሥር ነው ያገኘሁት።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ።»

«ያሰርካት ሐሙስ አይደለም? ያን ለት አልፈተሽክም?»

«ፈትሻለሁ እንጂ! ፍራሹን ገልብጬ፣ የተሞላበትን ሣር እንኳ አራግፌ!»

«እና ሐሙስ ያልነበረ ዕቃ ቅዳሜ በቀለ?»

ገመቹ አንገቱን አከከ። «እንደገና ፈትሽ ብለው ነገሩኝ። የለቅሶ ቤት ወሬ ነው፤ ከማን አፍ እንደ ወጣ አሁን ትዝ አይለኝም።»

«ትዝ ይበልህ» አለው ሻምበሉ። ካርቶኑን አገላብጦ አየው። ከላይ በኩል ወረቀት ተለጥፎበት የተላጠ የሚመስል አራት ማዕዘን ቦታ አለ፤ ሙጫው ሥር ቀይ ፍንጣሪ ቀርቷል። ቀጥሎ ከሥር በኩል ያሉትን ደቃቅ ፊደላት አነበበ። «አቶ መሸሻ ይወስዱት የነበረውን አምጣልኝ።»

ገመቹ የእንግሊዝ ሥሪት የሆነ የኪኒን ቆርቆሮ አመጣ፤ «ዲጋርቶን» ይላል። ሠላሳ እንክብል ነበረበት፤ አሥራ ሁለቱ ተወስዷል፣ አሥራ ስምንቱ አለ። የጫልቱ ደብተርም አንድ ሳይጎድል እንዲሁ ይላል፤ የመጨረሻዋ የተሰጠችው ጸበሉ በተጀመረበት ቅዳሜ ዋዜማ ነው።

«ሁለቱ አንድ ናቸው» አለ ሻምበሉ።

«እንዴት አንድ ይሆናሉ ጌታዬ? ስማቸው ሌላ፣ አገራቸው ሌላ!»

«አንተን እናትህ ቤት ምን ብለው ይጠሩሃል?»

ገመቹ አፈረ። «አባዬ።»

«እዚህ አምሳ አለቃ ነህ። ሁለት ሰው ነህ? መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ፋብሪካው በየአገሩ ደስ ያለውን ስም ያወጣለታል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ግን ከሥር በደቃቁ ይጻፋል። እየው፣ እዚህም ዲጎክሲን፣ እዚያም ዲጎክሲን። ለደከመ ልብ የሚሰጥ ነው፤ ሲበዛ ደግሞ ልብን ያቆማል።»

«እንግዲያ እሷው ናት! የራሷን ቆርቆሮ ሳትነካ በጣሊያኑ ገደለቻቸው።»

«ሊሆን ይችላል። አምጣትና እንጠይቃት።»

ጫልቱ ስትገባ ዓይኗ አብጦ ነበር፤ ቃሏ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«አልሰጠኋቸውም ጌታዬ። ጸበል ሲገቡ መድኃኒት አቆሙ። ለመንኳቸው። ‹ጸበልና ኪኒን አይደባለቅም፤ ሰባት ቀን ናት ልጄ፣ ታገሺኝ› አሉኝ።»

«ታዲያ ማክሰኞ ለት ለምን እጃቸውን ያዝሽ? ወይዘሮ የሺእመቤት አይተውሻል።»

«የልብ ትርታቸውን ልቆጥር ነዋ! መድኃኒት ያቆመ ሰው ልቡ ይሮጣል ብዬ ፈርቼ። አልሮጠም ጌታዬ፤ አርባ ሁለት ነው የቆጠርኩት። ተሳስቼ ነው ብዬ ደገምኩት፤ ያው ነው።»

«ሌላስ?»

«ምግብ እንደሚያቅለሸልሻቸው ነገሩኝ። ደግሞ ‹ምነው ጋዎንሽን ቢጫ አስነከርሽው?› አሉኝ። ጋዎኔ እኮ ነጭ ነው፤ በማለዳ አጥቤ የለበስኩት።»

ሻምበል ይመር ወደ አፉ ያስጠጋውን ሻይ መልሶ አስቀመጠው። ይህን ነገር ከአሥር ዓመት በፊት ኮንጎ ውስጥ ሰምቶት ያውቃል። የተናገረው ወታደር በማግስቱ ሞቷል።

«አምሳ አለቃ» አለ ሲነሳ፣ «ለዚህች ልጅ ብርድ ልብስ ስጣት።»

ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ቤት ሄደ። ወይዘሮ የሺእመቤት ጥቁር ለብሰው ጥግ ተቀምጠዋል። ጫልቱን ሲረግሙ ጠበቃቸውና በቀስታ ጠየቀ።

«አቶ መሸሻ በመጨረሻዎቹ ቀናት ያልተለመደ ነገር ተናግረው ነበር?»

«ምኑ ቅጡ! ሰኞ ለት ይህችኑ ነጭ ነጠላዬን አይቶ ‹ይህን ቢጫ ከየት አመጣሽው?› አለኝ። ግድግዳውም ቢጫ፣ ሰማዩም ቢጫ። ክፉ መንፈስ ሊወጣ ሲል እንዲህ ያደርጋል አልንና እልል አልን። ወይኔ!»

ሻምበሉ ራሱን ነቀነቀ። የማይዋደዱ ሁለት ሴቶች ሳይመካከሩ አንድ ነገር ተናግረዋል፤ ይህ ለእሱ ከአሥር ምስክር ይበልጣል።

«ምን ይበሉ ነበር?»

«ጸበልተኛ ምን ይበላል? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሁላችን ሽሮ ትንሽ ቀመስ፣ ከዚያ አንድ ማንኪያ ማር። ጸበሉን ወንድሙ ጉልላትም አብሮት ይጠጣል።»

«ማሩንስ ማን ይበላል?»

«ኧረ እሱ ብቻ! የጸበልተኛ ነገር ይነካል እንዴ? ልጄ ተክለሃይማኖት ነው ለብርታት ብሎ በማሰሮ ያመጣለት፤ ዓርብ ለት ሰጥቶት በማግስቱ ጅማ ሄደ።» ዶክተር ተክለሃይማኖት ጣሊያን አገር ተምሮ የመጣ፣ አየር ጤና የመድኃኒት መደብር ያለው የባላቸው የእህት ልጅ ነው። «እናቱ በወሊድ ስትሞት በሦስት ቀኑ እኔ ታቀፍኩት። እኔ አልወለድኩም፤ እሱ ነው ቤቴን የሞላው። የመሸሻን ሞት ሰምቶ በማግስቱ ሲመጣ እንዴት እንዳለቀሰ ብታይ!»

«ማሰሮዋ አለች?»

«ለነዳያን ልስጠው ብሎ እሱው ወሰዳት። ለሳሌ ብዬ በቆርቆሮ ቀንሼ ያስቀመጥኳት ግን አለች፤ መሸሻ ሲቆጣኝ ሳልቀምሳት ቀረሁ።»

ሻምበሉ ቆርቆሮዋን በመሐረብ ጠቅልሎ ወሰደ።

የሟች ታናሽ ወንድም አቶ ጉልላት ግቢው ውስጥ የማር ገንቦ ሲቆጥር አገኘው። የወንድሙ ንግድ ወራሽ እሱ ነው፤ ጸበሉን የሚቀዳው እሱ ነበር፤ ከጣሊያኖች ጋር ሲነግድ ኖሮ ቋንቋቸውን በመጠኑ ይሰብራል። ይህን ሁሉ ሻምበሉ ሲዘረዝርለት ላብ ላብ አለው።

«ጌታዬ፣ እኔን ነው እንዴ የሚጠረጥሩት? ከአንድ ጣሳ ነው የጠጣነው!»

«ስለ ማሩ ይንገሩኝ።»

ጉልላት ተንፈስ አለ። ስለ ማር መናገር ለእሱ ዕረፍት ነው። «እሱ ነገር ገርሞኛል። ከማሻ የመጣ ነጭ ማር ነው፤ ነጭ ማር ደግሞ የገተም ዛፍ አበባ ነው፣ ምሬት አያውቅም። መሸሻ ግን ‹ግራዋ ግራዋ ይላል› አለኝ። የግራዋ ማር ጠቆር ይላል እኮ! አርባ ዓመት ማር የቀመሰ ሰው እንዴት ይሳሳታል? ሳቅኩበት።»

«ከመረራቸው ለምን አልተፉትም?»

«በጸበል ጊዜ? የመረረ ሁሉ ለምሕረት ነው ብሎ ዋጠው። እሱ ሲናገርም ማናችን ቀምሰን እንይ? የጸበልተኛ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ግን ከብዶት ነበር። ‹በሰባተኛው ቀን ስወጣ ዋስትናዬን አነሳለሁ› ብሎኛል። የማንን እንደሆነ አልነገረኝም፤ ዋስ ያልሆነለት ሰው የለማ።»

የማን እንደሆነ የነገረችው ሌላ ሴት ናት። ሻምበሉ ሲወጣ ከአጥሩ ውጭ ጽጌማርያም የምትባል ጎረቤት ቆማ ጠበቀችው። መጋቢት ላይ የሦስት ዓመት ልጇ ሞቶባታል።

«ለትኩሳት ብዬ ከአየር ጤና ኪኒን ገዛሁ፤ ካርቶኑን ማንበብ አልችል። አንዱን ዋጠና ሲነጋ አልነቃም። ካርቶኑን ለጋሼ መሸሻ አሳየሁት፤ ጋሼ አንድ ሐኪም ጋ ወስዶ አስነበበው። የአዋቂ የእንቅልፍ መድኃኒት ነው አሉት። ጋሼ አለቀሰ። ‹የመደብሩ ዋስ እኔ ነኝ፤ ሰባቴን ልጨርስና አብረን ሄደን እንከሳለን› አለኝ። ስድስተኛው ቀን ላይ ሞተ። አሁን ማን ይሰማኛል?»

«እኔ ሰምቼሻለሁ» አላት።

በማግስቱ ሻምበሉ የሲቪል ኮት ለብሶ አየር ጤና ወረደ። መደብሩ ንጹሕ ነው፤ ግድግዳው ላይ በመስተዋት የተከደነ የጣሊያንኛ ዲፕሎማ ተሰቅሏል። ተክለሃይማኖት ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ ፀጉሩን ወደ ኋላ አበጥሮ ቆሟል።

«ራሴን ያመኛል ዶክተር።»

ተክለሃይማኖት ከመደርደሪያ አንድ ካርቶን አወረደና በምላሱ አርሶ ሰማያዊ ወረቀት ለጠፈበት። «ሰማያዊ ለራስ ነው። አረንጓዴ ለሆድ፣ ቀይ ለልብ። ደንበኞቼ የፈረንጅ ስም አያነቡም፤ በቀለም ነው የሚለዩት።»

«ድንቅ ዘዴ ነው። የጣሊያን መድኃኒትም አለዎት?»

«በጭራሽ! ከእንግሊዝና ከጀርመን ብቻ ነው የማስመጣው።»

ሻምበሉ ዶክተሩ ዞር ሲል የዲፕሎማውን ጽሕፈት በእስክሪብቶ ገለበጠና ፊት ለፊት ካለው ጋራዥ ገብቶ ለጣሊያናዊው መካኒክ አሳየው። ሰውዬው ከመኪና ሥር ሆኖ አነበበውና ከት ብሎ ሳቀ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በአቶ መሸሻ ሳሎን ተሰበሰቡ። ወይዘሮ የሺእመቤት፣ ከጎናቸው ተክለሃይማኖት፣ በመስኮቱ በኩል ጉልላት፣ በሩ አጠገብ ጽጌማርያም። ጫልቱ በካቴና ሆና ከገመቹ ጋር ስትገባ ወይዘሮዋ ፊታቸውን አዞሩ። ሻምበሉ ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ብርዝ አኖረ።

«ይህ ብርዝ አቶ መሸሻ ይበሉት ከነበረው ማር የተበጠበጠ ነው» አለ። «ወይዘሮ የሺእመቤት ለሳል ብለው ከቀነሱት። ለጊዜው እዚሁ ይቀመጥ።»

ተክለሃይማኖት እግሩን አነባበረ።

«ኮንጎ በዘመትን ጊዜ የመድኃኒት መጋዘን ጠባቂ ነበርኩ» ብሎ ጀመረ። «መድኃኒቱ ከየአገሩ ነው የሚመጣልን። አንድ ወታደር ልቡን ታመመ። አንዱ ሐኪም በቤልጅግ ስም አዘዘለት፣ ሌላው በጣሊያን ስም። እኔ ሁለቱንም አውጥቼ ሰጠሁት። ልጁ ‹ነጩ ሻሽ ለምን ቢጫ ሆነ?› አለኝ፤ በማግስቱ ቀበርነው። ሁለቱም ዲጎክሲን ነበር። ከዚያ ወዲያ የመድኃኒት ካርቶን ሳይ መጀመሪያ የማነበው ከሥር ያለውን ነው።»

ጉሮሮውን ጠረገ።

«አቶ መሸሻ ያዩት ቢጫና የልባቸው መዘግየት የዚያው የዲጎክሲን መብዛት ምልክት ነው። ሰውዬው ግን ጸበል ከገቡ ጀምሮ አንድም አልዋጡም። ያቆሙት መድኃኒት እንዴት በዛባቸው? ሌላ ሰው በሌላ መንገድ እየሰጣቸው ነበር ማለት ነው። በጸበሉ እንዳይሆን አቶ ጉልላትም ጠጥተዋል፤ በሽሮው እንዳይሆን ሁሉም በልቷል። ብቻቸውን የቀመሱት ማሩን ነው። ምሬት የማያውቀው ነጭ ማር ደግሞ መሯቸዋል።»

«ልጅቷ ጨምራበት ይሆናላ!» አለ ተክለሃይማኖት።

«ጫልቱ የበዛ መድኃኒት የሚያሳየውን ምልክት ሳትጠየቅ ነግራኛለች። ገዳይ ብትሆን ‹ልባቸው ይሮጥ ነበር፣ መድኃኒት አቁመው ሞቱ› ማለት ይበቃት ነበር፤ ሁሉም ያምናታል። ይኸው ነበር የገዳዩም ሐሳብ። ወይዘሮ የሺእመቤት መርዝ ብለው ሲጮኹ ግን ሐሳቡ ተበላሸበት፤ ሌላ ሰው የሚያዝበት ማስረጃ አስፈለገው። አምሳ አለቃ፣ እንደገና ፈትሽ ያለህ ማን ነበር?»

«ትዝ ብሎኛል ጌታዬ። ዶክተር ናቸው።»

ተክለሃይማኖት ተነሳ። «እኔ ያን ሁሉ ቀን ጅማ ነበርኩ!»

«ማሰሮው እዚህ ነበር። ማር ሰዓት አይጠብቅም።» ሻምበሉ ካርቶኑን አነሳ። «እዚህ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ተልጧል፤ ከሙጫው ሥር ቀይ ቀርቷል። ቀይ ለልብ ነው አላሉኝም? ከልማድ የተነሳ ለጥፈውበት ነበር፤ ከልጅቷ ፍራሽ ሥር ሊያስቀምጡት ሲሉ ላጡት። የጣሊያን መድኃኒት በጭራሽ አልይዝም ብለው የዋሹኝም ስለዚህ ነው። ያ ዲፕሎማ ደግሞ የሦስት ወር የመድኃኒት ሻጭነት ኮርስ ወረቀት ነው፤ ዶክተርነት የለበትም። የዚህች ሴት ልጅ የሞተው ሻጩ ከሥር ያለውን ማንበብ ስለማይችል ነው። አቶ መሸሻ ይህን ደርሰውበታል። በሰባተኛው ቀን ዋስትናቸውን ሊያነሱ ነበር፤ አንተም ስድስት ቀን ብቻ ነበረህ።»

«አንተ» የምትለዋን ቃል ሁሉም ሰማት።

«ወሬ ነው!» አለ ተክለሃይማኖት፤ ከንፈሩ ነጥቷል። «ወረቀት፣ ሙጫ፣ ቀለም! ማስረጃ የት አለ?»

ያኔ ወይዘሮ የሺእመቤት ተነሱ። ድምፃቸው ቤቱን ሞላው።

«በቃ! ልጄን በሐሰት አትክሰሰው! ጡቴ ደርቆ በጣቴ ወተት እያጠባሁ ያሳደግኩት ልጅ መሸሻን አይገድልም። እሱ ያመጣው ማር መርዝ የለበትም፤ ይኸው!»

ብርጭቆውን አነሱ። ሻምበሉ ይህን አላሰበም ነበር፤ ብርጭቆው ተክለሃይማኖትን እንዲያስጨንቅ ብቻ ነበር ያስቀመጠው። ጠርዙ ከንፈራቸውን ሲነካ ተክለሃይማኖት ዘሎ ብርጭቆውን በጥፊ መታው። ብርጭቆው ግድግዳው ላይ ተከሰከሰ።

«እማዬ አትጠጪው! በእግዚአብሔር አትጠጪው!»

ብርዙ በግድግዳው ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ተክለሃይማኖት ምን እንዳለ የገባው ዘግይቶ ነው፤ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ከመርካቶ የገዛሁት ንጹሕ ማር ነው» አለ ሻምበሉ ዝግ ብሎ። «ዋናው ላቦራቶሪ ነው ያለው።»

ወይዘሮ የሺእመቤት ልጃቸውን አዩት። «እኔ እንድሞት አልፈለግክም» አሉ። «እሱን ግን… እሱን ግን በማንኪያ፣ በየቀኑ።» ተክለሃይማኖት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጽጌማርያም በሩ ላይ ሆና ያለ ድምፅ አለቀሰች።

ገመቹ ካቴናውን ከጫልቱ እጅ ፈትቶ ለተክለሃይማኖት አጠለቀው። ሲወስደው ወይዘሮዋ ሊከተሉት አንድ እርምጃ ተራመዱና ተንገዳገዱ። ጉልላት ሳይደርስ ጫልቱ ደረሰች። ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ካቴናው ባሰመረው እጇ የእጃቸውን አንጓ ይዛ ዓይኗን ግድግዳው ሰዓት ላይ ተከለች። መርዝ ሰጠሽ ብለው ያሳሰሯት በዚሁ አያያዝ ነው።

«ስንት ነው?» አሉ ወይዘሮዋ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«መቶ አሥር። ይሮጣል እንጂ ደህና ነው።»

ቆጥራ ጨርሳ እጇን ልታነሳ ስትል ወይዘሮ የሺእመቤት በሌላው እጃቸው ያዟት።

«አትልቀቂኝ ልጄ» አሉ። «እባክሽ፣ ደግመሽ ቁጠሪው።»

ጫልቱ ደግማ መቁጠር ጀመረች።